ብሎን ቆጠራ

ኅዳር ነው፤ ፕልዘን ላይ ዝናቡ አላባራም፤
የሱቁን መስኮት ነቅንቆ አለፈ ትራም።
ከነርጥብ ካፖርቴ፣ መነጽሬ ጉም ሆኖ፣
ሦስት ካርቶን ፊት ቆምኩ፣ ልቤ ተበታትኖ።

ሦስቱም አንድ መኪና ነው፤ ያው ብረት ለበሱ፣
አጭሩ፣ ሾጣጣው፣ የማይዞር ራሱ፣
ጀርመኖች ያዘዙት፣ እኛ የሠራነው፣
ከወንዙ ማዶ ሌት ተቀን የቀጠቀጥነው፤
ዛሬ ሠላሳ አምስት እጥፍ ያነሰው፣
ሙጫና ወረንጦ ካርቶን ውስጥ ተኝቶ የሚጠብቀው።

«እኛ» ማለቴ — እኔ ገና አልተወለድኩም፤
አባቴ ነው፣ ኦልድርዢክ፤ ሃያ አልሞላውም።
የጎማ ቸርኬ ላይ ብሎን ያጠብቃል፤
ፈረቃው ሲያበቃ መዳፉ ይላጣል።

አንደኛው ካርቶን ሞተሩ፣ መሪው፣ ጥይቱ ሳይቀር
አንድ ሺህ ቁራጭ ነው፤ ሥራው ዓመት የሚያሻግር፤
ሁለተኛው እንደ ቅቤ ነው፤ እርስ በርሱ ይገጥማል፤
ሦስተኛው ርካሽ ነው፤ ስፌቱ ጣት ያሾልካል።

የሱቁ ልጅ ክሪሽቶፍ፣ ጆሮው ላይ ቀለበት፣
ክዳን ከፈተልኝ በሊቅ ኩራት፦
«ሌላውን ይተዉት፤ ጎማውን ይቁጠሩ፤
የግንቦቶቹ ባለ ሠላሳ ሁለት ብሎን ነበሩ፤
መስከረም ሲጠባ አሥራ ስድስት ቀሩ፤
ጥር ላይማ ጭራሽ ብሎን የሚባል ጠፋ፣
ቸርኬው በሪቬት እንደ ጫማ ተሰፋ።
የትኛውን ወር ልስጥዎት፣ አባቴ?»
ወር በካርቶን ሲሸጥ አየሁ በሕይወቴ።

አባቴ የነገረኝ አንዴ ነው፣ በመሞቻው ሰሞን፦
«ከየጎማው ላይ አላላ ነበር አንዲት ብሎን»
አለና፣ ሾርባው ቀዝቅዟል ብሎ ተቆጣ፤
ስለዚያ ነገር ዳግመኛ ቃል አልወጣ።

ከሠላሳ ሁለት መሀል አንዷን ማላላትማ
የብልጥ ሥራ ነው፤ ማን ይቆጥራል በጨለማ?
ከአሥራ ስድስት ሲሆን ግን ክፍተቱ ያሳጣል፤
ተቆጣጣሪው መጥቶ በመዶሻ ጫፍ ኳ! ኳ! ያደርጋል፤
ድምፁ ከተለየ፣ ሰውየው ይለያል።
ሪቬት ደግሞ አይላላም፤ ወይ ተመቷል፣ ወይ የለም።
በጥር ከሠራ አባቴ... አልጨርሰውም።
አንዱ ካርቶን ብልጥ አባት፣ አንዱ ደፋር ይዟል፤
ሦስተኛውን አልነካሁም፤ እጄ ይሸሸዋል።

የሥራ ደብተሩን በኪሴ ይዣለሁ፤
ማኅተሙን ውሃ በልቶት ወሩን አጥቻለሁ፤
የቀረው አንድ አራት ነው — የቀን ይሁን የዓመት፣
በማጉያ መነጽር ሃያ ዓመት አፍጥጬ አልለየሁት።

ቢያላላስ፣ ምን ሆነ? ጎማው ወለቀ ወይ?
ስንዴ ማሳ መሀል ቆሞ ቀረ ወይ?
ወይስ ብሎኗ ሳትኖር እንደ ልቡ ሄዶ፣
የማንን ቤት አፈረሰ፣ ከየትኛው ድልድይ ማዶ?
ይህን ካርቶኑ ላይ የጻፈ የለም፤
እዚያ ያለው ዋጋው ነው፣ የቁራጩ ብዛት፣ የሚቀባው ቀለም።

ራዶቫን ቁልፍ አንቀጫቀጨ፤ ሊዘጋ ነው ሱቁን፤
አሥራ ስድስቱን አነሣሁ፣ የመሀለኛውን።
ማስረጃ የለኝም። ከፈልኩ። ወጣሁ።
ትራም ውስጥ ካርቶኑን እንደ ዳቦ አቅፌ መጣሁ።

ሌሊት ቢላ ያዝኩኝ፤ አርባ ዓመት ሙሉ
በዚህ እጅ የሰው ጥርስ ስቀርጽ ነበር በውሉ፤
ዛሬ ይንቀጠቀጣል።
ሰንሰለት ከሚጋርደው፣ ማንም ከማያየው
ጎማ ላይ፣ አንዲት ብሎን ላነሣ ስለቱን ባስጠጋው፣
ተስፈንጥራ ሄደች፤ ከሰሊጥ ታንሳለች፤
ወለሉ ላይ ወድቃ የት እንደ ገባች!
በጉልበቴ ተንበርክኬ ምንጣፉን ዳበስኩ፤
ከጠረጴዛው በታች እስከ ንጋት ፈለግኩ።
ባለቤቴ ያርሚላ ከእንቅልፏ ነቅታ
«ምን ጠፋብህ?» አለች፣ በሩን ከፍታ።
«ብሎን።»
«የምን ብሎን?»
አልመለስኩም።
ጠዋት መጥረጊያ አነሣች፤ እኔም አልከለከልኳትም።